የከሰል አመድና የቪሬያ ሥር፦ የአንድ የደሴ አበባ ዕቁብ የጉዳይ ጥናት

በደሴ ከተማ፣ በጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ባለ አንድ ሰፈር፣ ዘጠኝ ቤተሰቦች የምንሳተፍበት የአበባ ዕቁብ አለን። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በአንዳችን ቤት ቡና ይፈላል፤ እያንዳንዱ አባል ከግቢው ያፈላውን አንድ ችግኝ ይዞ ይመጣል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ባለዕጣው ዘጠኙንም ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጽጌረዳው፣ ቡገንቪሊያው፣ ፉክሲያውና ሃይድራንጃው ከግቢ ግቢ የተዛመተው በዚህ መንገድ ነው። የዚህ ጥናት ጉዳይ ግን ከተለመዱት የዕቁቡ ችግኞች ውጭ የሆኑ አምስት ቁጥቋጦዎች ናቸው። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ከምትኖርበት ከአውስትራሊያ የላከቻቸው፣ የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዘው፣ ሥራቸው ከአፈር ታጥቦ የመጡ፣ ከስንዝር ብዙም ያልበለጡ ቪሬያዎች ነበሩ። የዕቁቡ ጸሐፊ እንደመሆኔ ከመጡበት ቀን ጀምሮ መዝገባቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከአምስቱ አንዱን የገደልኩትም እኔው ነኝ።

ተክሉና አገሩ

ቪሬያ ሮዶደንድሮን ከተባሉት የአበባ ቁጥቋጦዎች ወገን ነው። በዓለም ላይ ካሉት አንድ ሺህ ገደማ የሮዶደንድሮን ዝርያዎች ከ300 በላይ የሚሆኑት ቪሬያዎች ሲሆኑ፣ አገራቸው ከኒው ጊኒ፣ ከቦርኒዮ፣ ከሱማትራና ከፊሊፒንስ ተራሮች አንሥቶ እስከ ሰሜናዊ ምሥራቅ አውስትራሊያ ይደርሳል። አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለባት አንድም ሮዶደንድሮን የላትም። ይሁን እንጂ የቤተሰቡ ዘመድ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በቦረና ሳይንት ደጋ የሚበቅለው አስታ ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ እንደ ቪሬያ ሁሉ ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከፈንገስ ጋር ተጣምሮ የሚኖርና ኖራ የበዛበትን አፈር የማይወድ ነው።

ወደ እኛ የመጡት ችግኞች ላዕቱም የተባለው ዝርያ ልጆች እንደሆኑ በምስክር ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ላዕቱም በምዕራብ ኒው ጊኒ በአርፋክ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,000 ሜትር ገደማ የሚበቅል፣ መለከት የመሰለ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀኗ ለብ የሚል፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ፣ በክረምት ጦሳ ራሱ እስኪጠፋ ጉም የሚለብሳት ከተማ በመሆኗ፣ ወረቀቱን ያነበብን ሁሉ ችግኙ አገሩ የገባ መስሎን ነበር። በአየሩ ረገድ ብዙም አልተሳሳትንም። ያልገመትነው ነገር፣ ብዙዎቹ የቪሬያ ዝርያዎች መሬት ላይ እንኳ እንደማይበቅሉ ነው፤ በጉም ደን ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በዛፍ ሽበትና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ተንጠልጥለው ያድጋሉ፤ ዝናቡ በሥራቸው መካከል ያልፋል እንጂ አይተኛም፤ መሬት ላይ የሚበቅሉትም ቢሆኑ የለመዱት በቅጠል ብስባሽ የላላና አሲዳማ አፈር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ19ኛው መቶ ዘመን ቬይች የተባለው የእንግሊዝ ችግኝ ጣቢያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ካስመጣቸው ጥቂት ቪሬያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዲቃላዎችን አውጥቶ ነበር። በመስታወት ቤት በከሰል እሳት እየሞቁ የሚኖሩ ስለነበሩ፣ ማሞቂያው ሲቀር አብዛኞቹ ጠፉ። እነዚያን የገደላቸው የከሰል እጦት ነው፤ የእኛዎቹን ለሞት ያደረሳቸው ደግሞ የከሰሉ አመድ ነው።

ከሰኔ እስከ ኅዳር

ችግኞቹ የደረሱን በሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ዕጣው ለአምስት ቤቶች ወጣ፦ ለእኔ፣ ጡረታ ለወጡት ነርስ (ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ይላቸዋል)፣ ፒያሳ ሱቅ ላላቸው ሐጂ፣ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ እንዲሁም ታች ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ለሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች። አምስታችንም የተከልነው በዕቁቡ የተለመደ ቅልቅል ነው፤ ሁለት እጅ መረሬ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ጣሳ የከሰል አመድ። ሲስተር ግቢያቸው ካለው የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ተከሉ፤ ሌሎቻችን በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን።

አመዱ ለምን እንደገባ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ከድንቁርና የመጣ ነገር አይደለምና። ቡና በተፈላ ቁጥር አመድ አለ፤ አመድ ጎመንን ያጠነክራል፣ ቀንድ አውጣን ያርቃል፤ አፈሩ በኮመጠጠበት የደጋ ማሳም ገበሬው ኖራ የሚበትንበትን ሥራ በመጠኑም ቢሆን ይሠራል። የእናቶቻችን ጓሮ በአመድ ነው ያማረው። ችግሩ፣ ለዘጠና ዘጠኝ ተክል የበጀው ልማድ ለመቶኛው መርዝ መሆኑ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ችግኞቹ ፀጥ ብለው ቆዩ። በመስከረም የወጣው ለጋ ቅጠል ግን ቢጫ ሆኖ ወጣ። በጥቅምት ቅዳሜ በተሰበሰብን ጊዜ አምስቱም ቤት ያለው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑን ስንረዳ፣ ሁሉም የየራሱን አስተያየት ሰጠ። መምህሩ ውሃ በዝቶበታል አሉ። ሐጂ ጎረቤታቸው ችግኙን አይቶ በጣም እንዳደነቀው አነሡና ነገሩን ወደ ዓይን ወሰዱት። ሲስተር ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ይቺ እንኳ የያዛት ደም ማነስ ነው» አሉ፤ ሳቅን። እኔ ደግሞ ረሃብ ነው ብዬ ፈረድኩ፤ ለጤፍ ማሳ ከተረፈው የዳፕና የዩሪያ ማዳበሪያ አንድ አንድ እፍኝ በጀሪካኑ ውስጥ በተንኩ። በሳምንቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ እንደተለበለበ ወረቀት ቡናማ ሆነ፤ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ከሥሩ አረንጓዴ የሚባል ነገር አልነበረም።

ምልክቱን ማንበብ

የእኔ ችግኝ መሞት አንድ ጥቅም ሰጥቷል፤ ሌሎቹ አራቱ ቤቶች እጃቸውን ሰብስበው ቅጠሉን በትኩረት ማየት ጀመሩ። ያየነውን መዝገቡ ላይ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል እንጂ አሮጌው አይደለም፤ የቅጠሉ ሥጋ ቢጫ ሲሆን ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ቀርተዋል፤ መረብ ይመስላል።» ይህ አጻጻፍ ምርመራውን ግማሽ መንገድ አድርሶታል። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው ቅጠል ነው። ማግኒዥየም ሲያጥረውም በደም ሥሮቹ መካከል ቢጫ ይሆናል፣ ነገር ግን እሱም ከታች ይጀምራል። ብረት ግን አንድ ጊዜ ቅጠል ውስጥ ከገባ ወደ ሌላ አይዛወርም፤ ስለዚህ የብረት እጥረት የሚታየው በለጋው ላይ ነው። ሲስተር ያለማወቅ በቀልድ የተናገሩት ነገር ቃል በቃል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ማረጋገጫውንም ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ለነፍሰ ጡሮች ከሚታደለው የብረት እንክብል ጊዜው ያለፈበት አንድ ፍሬ ነበራቸው፤ ፈጭተው በአንድ ብርጭቆ የዝናብ ውሃ በጠበጡትና በጥጥ ጫፍ እየነከሩ በአንድ ቢጫ ቅጠል ግማሽ ላይ ብቻ ቀቡት፤ ሌላውን ግማሽ ተዉት። እጃቸው መርፌ በመውጋት የለመደ ስለሆነ መስመሩ እንደ ማስመሪያ የቀና ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርተውን ስንሄድ፣ ጥጡ ያረፈበት ሁሉ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ያልተቀባው ግማሽ እንደ ሎሚ ቢጫ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተሠራው ሁሉ የተሻለው ሥራ ይህ ነው፤ ወጪው አንድ እንክብል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ብረቱ ለምን አጠረ የሚል ነው። የደሴ አፈር ከባዝልት ድንጋይ የተፈጠረ ስለሆነ ብረት አያጣም። እንግዲህ ብረቱ አለ፣ ግን ታስሯል ማለት ነው። አፈር ወደ አልካላይነት፣ ማለትም አመድና ኖራ ወደሚወስዱት የአሲዳማነት ተቃራኒ፣ ባዘነበለ መጠን በውስጡ ያለው ብረት በውሃ የማይሟሟ ስለሚሆን፣ ሥሩ በብረት ላይ ተቀምጦ ብረት ይርበዋል። ይህን በዓይናችን ያሳየን የመምህሩ ግቢ ሃይድራንጃ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ እናት ተክል የተቆረጡ ሁለት ሃይድራንጃዎች አሏቸው፤ አንዱ ከቡና ማፍያው አጠገብ፣ አመድ ከሚደፋበት ጥግ፣ ሁለተኛው ከግቢው ማዶ ከጥዱ ሥር። የጥዱ ሥሩ ሰማያዊ አበባ ያወጣል፤ የአመዱ ጥግ ጽጌረዳማ ቀለም። ሃይድራንጃ በአሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም መውሰድ ስለሚችል ይሰማየያል፤ አፈሩ ወደ አልካላይነት ሲሄድ አሉሚኒየሙ ይያዝበትና ይቀላል። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱ በግቢው ውስጥ አብቦ ቆሞ ነበር፤ እኛ ግን «ሁለት ቀለም አወጣች» እያልን ፎቶ እናነሳ ነበር።

በመጨረሻ የአንድ አባል ልጅ ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ የፒኤች መለኪያ ወረቀት አመጣችልን፤ ፒኤች የአሲዳማነት መለኪያ ቁጥር ነው፣ ከ7 ባነሰ መጠን አሲዳማ፣ በበለጠ መጠን አልካላይ ማለት ነው። የዕቁቡ ቅልቅል ወደ 8 ተጠጋ፤ የሲስተር የሲሚንቶ ሳጥን ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር፤ የቧንቧው ውሃ ከ7 በላይ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ደግሞ 6 አካባቢ። ቪሬያ የሚመቸው ከ4.5 እስከ 6 ባለው ነው። የፒኤች አንድ ቁጥር አሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ፣ ከ8 እስከ 5 ያለው ርቀት ሺህ እጥፍ ነው። የቧንቧውን ውሃ ጠባይ ለማወቅ ደግሞ ወረቀትም አያስፈልግም ነበር፤ የሁላችንም ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

አዲሱ ማደሪያ

በኅዳር መጨረሻ፣ ደመና ባለበት አንድ ከሰዓት፣ አራቱን ችግኞች ነቀልን። የመምህሩን ጀሪካን ስንገለብጥ አፈሩ እንደ ጡብ አንድ ላይ ወጣ። በእጃችን ስንሰብረው መሀሉ እርጥብና የረጋ ኩሬ የሚሸት፣ ዳሩ ደግሞ የተሰነጠቀ ነው፤ ሥሮቹ ከመጡበት ቀን ወዲህ ከሁለት ጣት በላይ አልሄዱም። መረሬው በራሱ ችግር መሆኑ ያን ጊዜ ነው የተገለጠልን፤ አመዱ ብረቱን ሲያስር፣ ጭቃው አየሩን ዘግቶ ነበር።

አዲሱን ቅልቅል በከተማ ውስጥ ካለው ነገር አዘጋጀነው። ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሁለት ክረምት የመታውን የጥድ ልጣጭና ሰጋቱራ ወሰድን፤ ትኩስ ሰጋቱራ ሲበሰብስ የተክሉን ናይትሮጅን ስለሚሻማ አሮጌውን መርጠናል፤ የባሕር ዛፉንም ለይተን ተውን። ለማላላት ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበትን ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጨመርን። እዚህ ላይ ልንሳሳት ለጥቂት ነበር፤ ጠጠሩ በሲሚንቶ አቧራ ተሸፍኖ ስለመጣ፣ ሲስተር አንድ ጭብጥ በውሃ ውስጥ ከትተው መለኪያ ወረቀቱን ሲነክሩበት ከአመዱ ያልተናነሰ ቀለም አወጣ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ሰባት ስምንት ጊዜ አጠብነው። ከአባላት አንዱ ከዘመዶቹ አገር ከአስታ ሥር አንድ ጆንያ አፈር ላስመጣ ብሎ ነበር፤ ለአራት ማሰሮ ሲባል የጥብቅ ደን አፈር አይዛቅም በሚል ተውነው።

ማሰሮው ሸክላ፣ ታቹ በሦስት ቦታ የተበሳ ነው። ውሃው የዝናብ ብቻ እንዲሆን በየቤቱ አሸንዳ ሥር በርሜል ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ እንዲያልፍ ከተተወ በኋላ የሚወርደው ይጠራቀማል። አንድ ችግኝ በበጋ በሦስት ቀን አንድ ሊትር ያህል ስለሚበቃው፣ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በጥንቃቄ ከተያዘ ክረምቱ ከወጣበት እስከ በልግ ዝናብ ያደርሳል። ማዳበሪያ እስከ ሚያዝያ ድረስ አልነካንም።

ሁለቱን ጥፋቶች፣ አመዱንና መረሬውን፣ በአንድ ቀን ስለቀየርናቸው የትኛው ምን ያህል እንደጎዳ ነጥሎ መናገር አይቻልም። አንዱን ማሰሮ በመረሬ አስቀርተን ብናወዳድር ኖሮ ጥናቱ ይበልጥ የተሟላ ይሆን ነበር፤ ግን ችግኙን ለጥናት ሲል ለማስገደል የፈቀደ አባል አልተገኘም። ያም ሆኖ በየካቲት ከመምህሩና ከሐጂ ማሰሮ የወጣው ለጋ ቅጠል፣ መጀመሪያ እንደ መዳብ ቀልቶ ከዚያ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ። አሮጌዎቹ ቢጫ ቅጠሎች አላገገሙም፤ እንደዚያው ሆነው አንድ በአንድ ረገፉ። የሲስተር ችግኝ ግን በሲሚንቶው ሳጥን ውስጥ ሥሩ ስላለቀ፣ አዲሱን ማሰሮ አይቶ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

ውርጭ፣ ሙቀትና ፍየል

የአዲስ ተጋቢዎቹ ችግኝ ታሪክ ሌላ ነው። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ደውለው «ቅጠሉ ተቀቅሏል» አሉን። ሄደን ስናየው እውነትም የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ከተዳፋቱ እየወረደ ወንዙ ዳር ይተኛል፤ ከእነሱ ቤት ሽቅብ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ያለው የመምህሩ ግቢ ውርጭ ሳይነካው ያደረበት ሌሊት ነበር። ቪሬያ ደግሞ ውርጭን የሚችልበት አቅም የለውም። ግንዱ ከታች አረንጓዴ ስለነበር ከላይ ቆርጠን፣ ኮምቦልቻ ለሚኖር ወንድማቸው ላክነው።

ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስለሆነች ውርጩ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው የከሰዓቱ ፀሐይ ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር፣ የጠዋት ብርሃን ብቻ በሚያገኝበት ቦታ ተቀመጠ። ወንድምየው በርሜል እስኪያገኙ ድረስ የዝናብ ውሃ በጀሪካን በሚኒባስ ከደሴ እንልክ ነበር፤ ረዳቱ ጀሪካኑን ሲጭን፣ «ኮምቦልቻ ውሃ አለቀባት እንዴ?» ብሎ ጠይቆናል። ችግኙ ከሥሩ ሦስት ቅርንጫፍ አውጥቶ ዛሬም ደህና ነው፤ ከደሴዎቹ ይልቅ በፍጥነት ያድጋል፣ እንቡጥ ግን አልያዘም።

ሐጂ ቤት የደረሰው ነገር ከአፈር ጋር አይገናኝም። ለበዓል የገዟት ፍየል ገመዷን አላቅቃ የችግኙን ግማሽ በላች። በሰዓታት ውስጥ ለሐጯ ይዝረከረክ ጀመር፣ አስመለሳት፣ እግሯ አልሸከም አላት። ሮዶደንድሮን በቅጠሉም ሆነ በአበባ ማሩ ልብና ነርቭን የሚያውክ መርዝ ሊኖረው እንደሚችል ከመትከላችን በፊት ማወቅ ሲገባን፣ ያወቅነው የእንስሳት ሐኪሙ ምን እንደበላች ሲጠይቅ ነው። ፍየሏ በሁለተኛው ቀን ቆማ ሄደች። ለዕርድ ግን ማንም አልደፈረም፤ ሐጂ በግ ገዙ። ከዚያ ወዲህ ቪሬያ ያለበት ቤት ማሰሮውን ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ሕፃናትም እንዳይነኩት ይነገራቸዋል።

አበባው

በተተከለ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ የመምህሩ ችግኝ ለወራት ጨብጦት የቆየውን እንቡጥ ከፈተ። ቪሬያ ወቅት ጠብቆ አያብብም፤ የሞቃታማ ተራራ ተክል በመሆኑ እንደ ቀዝቃዛ አገር ሮዶደንድሮኖች የብርዱን ወቅት አልፎ በጸደይ የመንቃት ልማድ የለውም። ስድስት መለከቶች በአንድ ጫፍ ላይ ወጡ፤ በመጀመሪያው ቀን እንደ አደይ ቢጫ ነበሩ፤ ቀን በጨመረ ቁጥር ከጠርዛቸው ወደ ብርቱካን እየቀሉ ሄዱ። ዘጠኙም ቤት ተጠራርቶ መጣ። ሐጂ አፍንጫቸውን አስጠግተው ቆዩና ቀና ብለው፣ «ሽታ የለውማ!» አሉ፤ የዕጣን ሰው ናቸውና ቅር ብሏቸዋል።

አበባው ሲረግፍ ከዚያው ተክል አራት ቁራጭ ወስደን በዚያው የልጣጭና የጠጠር ቅልቅል ውስጥ፣ በላስቲክ ከረጢት ሸፍነን ተከልን። ከሦስት ወር በኋላ ሦስቱ ሥር ሰደዱ። ዕቁቡ ለእነዚህ አዲስ ደንብ አወጣ፦ ዕጣ ውስጥ የሚገባው አሸንዳ ሥር በርሜል ያስቀመጠ፣ ቤቱ ወንዝ ዳር ያልሆነና የቡና አመዱን የሚደፋበትን ቦታ ለዕቁቡ ያሳየ ብቻ ነው። በመስከረም ዕጣው ሲወጣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሲስተር ደረሰ። ሲስተር የሲሚንቶ ሳጥናቸውን ለጎመን አድርገውታል። ሦስተኛው በፍየል ለተጎዳው ማካካሻ እንዲሆን ለሐጂ ወጣ፤ ፍየሏ አሁንም እዚያው ግቢ ስላለች፣ እስክትሸጥ ድረስ ችግኙ በአደራ በእኔ ቤት ተቀምጧል።